ኩባዊ ሁሉ ማያሚ አይደለም

ስለ ኩባ ስደተኞች የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን ከኩባ የወጣ ሁሉ በጀልባ ተነስቶ ማያሚ የሚያርፍ አስመስሎታል።

እኔ እዚያው ማያሚ ጎን፣ ኩባውያን በሚበዙባት ሃያሊያ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። በእርግጥ እዚያ እንግሊዝኛ ሳይናገሩ ዕድሜን መጨረስ ይቻላል። ጠዋት ካፌዎቹ በመስኮት ቡና ይሸጣሉ። ኮላዳ ይሉታል። ስኳር የበዛበት ወፍራም ቡና ነው፤ ከትንንሽ የፕላስቲክ ስኒዎች ጋር ይሰጡሃል፣ አንተ ለሥራ ባልደረቦችህ እየቀዳህ ታድላለህ። ብቻህን ከጠጣኸው ጉድ ነው! (ቡና ብቻውን አይጠጣም የሚል ሌላም ሕዝብ አለ ለካ።)

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ከኩባው የማሪየል ወደብ በጀልባ ከወጡት 125 ሺህ ያህል ሰዎች መካከል ናቸው። ወጣቶቹ ግን በጀልባ አልመጡም። ኒካራጓ በኖቬምበር 2021 ለኩባውያን የቪዛ ግዴታን ስታነሳ፣ ቤቱን ሸጦ ትኬት የቆረጠው ብዙ ነው። ከኒካራጓ ዋና ከተማ ከማናጓ በሆንዱራስ፣ በጓቲማላና በሜክሲኮ አቆራርጠው በየብስ ነው አሜሪካ የገቡት። ጎረቤቴ በደቡብ ሜክሲኮዋ ከተማ ታፓቹላ ላይ ወረቀት ሲጠብቅ ሦስት ወር ከርሟል። የጫማው ሶል እዚያ አለቀ፤ ጫማውን ግን እስካሁን አልጣለውም።

አያቱ ስፔናዊ የሆነ ደግሞ በ2022ቱ የስፔን ሕግ ዜግነት ጠይቋል።

ጽሑፉ ጭራሽ የዘለለው የደቡብ አሜሪካን መንገድ ነው። ጉያና ቪዛ ስለማትጠይቃቸው እዚያ ይበራሉ፣ ከዚያ ብራዚልን አቋርጠው ኡራጓይ። የጎረቤቴ ወንድም አሁን የኡራጓይ ዋና ከተማ ሞንቴቪዴዮ ነው። ሥራ አላጣሁም፣ ብርዱ ነው የገደለኝ ይላል አሉ።