ማስተካከያ፦ 64 በመቶው ከ190ው ሳይሆን ከ76ቱ ነው
ስለ ወሲብ ጥናት ታሪክ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ አንትሮፖሎጂስቱ ክሌላን ፎርድና የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍራንክ ቢች በ1951 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከተካተቱት 190 ማኅበረሰቦች 64 በመቶው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀበላሉ ብለን ነበር። ስሕተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። በጉዳዩ ላይ መረጃ የተገኘው ስለ 76ቱ ብቻ ነው፤ 64 በመቶ የተባለውም ከእነዚህ ውስጥ 49ኙ ናቸው። በደፈናው «ይቀበላሉ» ማለታችንም ልክ አልነበረም፤ ጥናቱ የሚለው ለተወሰኑ የማኅበረሰቡ አባላት እንደ ተለመደና ተቀባይነት እንዳለው ነገር ይታያል ነው።

ሁለቱ ምሁራን በየአገሩ ዞረው ሰው አልጠየቁም። በዬል ዩኒቨርሲቲ በየርዕሱ ተደራጅተው የተቀመጡ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች የጻፏቸውን ዘገባዎች ነው ያነጻጸሩት። ዘጋቢው ያልጠየቀው ወይም ለመጻፍ ያፈረው ነገር ደግሞ መዝገቡ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ የቀሩትን 114 «አይፈቅዱም» ብሎ መቁጠርም ያው ስሕተት ነው።