ብጉር የቆሻሻ ምልክት አይደለም

እህቴ፣ «ብጉር የሚወጣው ፊት በደንብ ሳይታጠብ ሲቀር ነው፤ በቀን አምስቴ በሳሙና ፈትጉት፣ ማታ ሎሚ ቀቡት» ያልሽው መታረም አለበት።

ብጉር የሚጀምረው ቆዳው ውስጥ ነው። በጉርምስና ሆርሞን ሲጨምር ፊታችን ብዙ ወዝ ያመነጫል። ወዙ ከሞቱ የቆዳ ሴሎች ጋር ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ባክቴሪያ ይራባበትና ያብጣል። ያቺ ጥቁር ነጥብ እንኳ እድፍ አይደለችም፤ አየር ሲያገኛት ጠቁራ ነው። መፈተግ ቆዳውን ያቆስለዋል እንጂ አያድነውም። በቀን ሁለቴ፣ በለስላሳ ማጠቢያ ይበቃል።

ሎሚውን ግን በፈጠረሽ ተዪው! አሲዱ ያቃጥላል። እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ይልቅ ፋርማሲ 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል የብጉር ቅባት ይጠየቅ። ፎጣና የትራስ ልብስ ያነጣል፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ነው፤ በሳምንቱ «አልሠራም» ተብሎ አይጣል።