አሚን ያለው ስፒከር

የብሉቱዝ ስፒከርን ደግ ደጉን ላስቀድም። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ መብራት ቢጠፋ ጉዳዩም አይደል። ካርቶኑ ላይ «አይፒኤክስ 7» ካለ ደግሞ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ ምንም አይሆንም ማለት ነው። ይህን የሰማ የደሴ ጎረምሳ ስፒከሩን ታቅፎ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ሊፈትነው።

ይፈትን፣ ግድ የለም። ችግሩ፣ ስፒከሩ ገና ከመጥለቁ ዘፈኑ ቀጥ ይላል። ተበላሽቶ አይደለም። ብሉቱዝ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውሃ ውስጥ ብዙ ሳይጓዝ ስለሚሞት ነው። እና በአምባሰል እየተንቆረቆረ የገባው ስፒከር 30 ደቂቃውን ሙሉ በሕይወት አለ፤ ዝም ብሎ። ከወጣ በኋላም መሰኪያው ሳይደርቅ ቻርጅ ላይ የሰካው ሰው፣ ሐይቁ ያልገደለውን ራሱ ይገድለዋል።

ደግሞም የሚፈተነው በንጹሕ ውሃ ነው። ወሎ ውስጥ ስፒከርን የሚያሰጋው ሐይቅ ሳይሆን ረከቦት ነው። ቦታው ሁልጊዜ ከጀበናው ጎን! አቦሉ ሲቀዳ ስኳር የበዛበት ቡና ይፈናጠቅበታል፣ ዕጣን ይታጠናል፣ የፈንድሻ ገለባ መሰኪያው ውስጥ ይሸጎጣል። «አይፒ» ከሚለው ቀጥላ ያለችው ኤክስ የቆመችው ለአቧራ አልተፈተነም ለማለት ነው፤ ፈንድሻንማ ማን አስቦት።

ርቀቱ 10 ሜትር ገደማ ይባላል። ሜዳ ላይ እሺ። ሰርግ ቤት ስልኩ ጓዳ፣ ስፒከሩ ዳስ ውስጥ ይሆንና ሙሽሮቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል፤ ያኔ ዘፈኑ መቆራረጥ ይጀምራል። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነዋ፤ ሞገዱን ይውጠዋል። ሐይቅ ያልበገረው ዕቃ በአጎቶቼ ቦርጭ ይረታል።

ድምፁ? ክራርና ማሲንቆ ላይ አይታማም። ድቤ ሲመታ ግን ጣሳ ነው። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ይፈልጋል፤ ይቺ የመዳፍ ስፋት ያላት ሳንባ ከየት ታምጣው። ባትሪውንም «12 ሰዓት» የሚሉት መካከለኛ ድምፅ ላይ ለክተው ነው። እኛ ሰፈር መካከለኛ ድምፅ የሚባል ነገር የለም።

ሻጩ እንደ ጥቅም የሚቆጥረው፣ እኔ ግን የምፈራው ማይኩን ነው። «ስልክም ያናግራል!» ይላችኋል። አዎ፣ ያናግራል። አንድ ቀን ዱዓ ላይ ተቀምጠናል። መንዙማው ቀስ ብሎ ይንቆረቆራል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፣ እኛ «አሚን» እንላለን። መንዙማው ድንገት ተቋረጠና ስልክ አንባረቀ። ባለስልኩ ሊዘጋው ሲጣደፍ አረንጓዴዋን ነካት።

«አንተ! የሰው ዕቁብ በልተህ የት ነው የገባኸው?»

ሴትዮዋ ቤቱን ሞላችው። ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀረች፤ ሲኒው ሞልቶ ፈሰሰ። (ስፒከሩ ላይ። ምንም አልሆነም፤ እውነት ለመናገር ይህን ችሏል።) ልጁ ላቡን ይጠርጋል። ሽማግሌው እጃቸውን እንኳ ሳያጥፉ፣

«አብሽር የኔ ልጅ። ያ አላህ፣ የዚህን ልጅ ዕዳ አቅልልለት፤ ለዚችም እናት ብሯን በሰላም አግባላት» አሉ።

«አሚን!» አልን በአንድ ድምፅ። ከስፒከሩም ውስጥ፣ ከሁላችን ዘግየት ብሎ፣ «አሚን፣ አባቴ! እስከ ቅዳሜ ነው ታዲያ!» የሚል መጣ።

ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፦ ግዙ። ለሰፈር ቡና፣ ለሐይቅ ዳር፣ መብራት ለሌለበት ማታ የሚተካከለው የለም። ብቻ ሰው መሐል ስትከፍቱት ስልካችሁን መጀመሪያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ብሉቱዙን ለብቻው መልሳችሁ አብሩት። ዘፈኑ ስልካችሁ ላይ ካለ ይጫወታል፤ ጥሪ ግን አይገባም። ዕቁብ ያለባችሁ በተለይ።