«ውሻችሁን አስወግዱ» ማለት የት ጣሉት ማለት ነው?

ባለፈው እሁድ የሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ አንድ ውሳኔ አሳልፏል። ውሻ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ «ያስወግድ» ይላል። ሰፈራችን ሐዋሳ ውስጥ ነው፤ ከታቦር ተራራ ብዙ አይርቅም። ሰው ከሰው ተዋውቆ፣ ቡና ተጠራርቶ የሚኖርበት ሰፈር ነው። እዚህ እንዲህ ያለ ውሳኔ እሰማለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አለቀ። ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ጎረቤት ተደጋጋሚ ስሞታ ነው። ጎረቤቱ የእኔ ናቸው። አጥር እንጋራለን። ስማቸውን አልጽፍም። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ዛሬም ጋሼ ናቸው። ስለ ቡቺ፣ ማለትም ስለ ውሻዬ፣ መጀመሪያ ለእድሩ ሰብሳቢ ተናገሩ። ቀጥሎ ለብሎኩ ተጠሪ። ከዚያ በጽሑፍ። ከዚያ እንደገና በጽሑፍ። አንድ ቀን ግን የእኔን በር አላንኳኩም። በሮቻችን መሃል ያለው መንገድ ሰባት እርምጃ ነው።

ከስሞታው ይልቅ ያንገበገበኝ ስብሰባውን የመሩት ሰው ንግግር ነው። «ዘመኑ የካሜራ ነው። የከተማ ሰው ውሻ ምን ያደርግለታል? ደግሞስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደል የሚባለው?» አሉ። ሰው ሳቀ። በሳቁ መሃል ውሳኔው አለፈ።

ተረቱ ስለ ውሻ የተነገረ አይደለም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ለሚፎክር ሰው የተነገረ ነው። የሰውን ፍርሃት ለመንቀፍ የተፈጠረን ተረት አንስቶ የውሾች የፍርድ ማስረጃ ማድረግ ክርክር አይባልም። ክርክር የሌለው ሰው ተረት ይጠቅሳል፤ እሁድ ያየሁት ይህንን ነው።

ካሜራውስ? ካሜራ መብራት ይፈልጋል። በሰፈራችን በሳምንት ስንት ሌሊት መብራት ሳይቋረጥ እንደሚያድር ሰብሳቢውም ያውቃሉ። መብራት ሲሄድ ካሜራው አብሮ ይሄዳል። መብራት ባለበት ሌሊትም ቢሆን ካሜራ ሥራው መቅዳት ነው። ጠዋት ትነሳና ኮፍያ ያደረገ ሰው አጥርህን ሲዘል ታያለህ። ዕቃህ ግን የለም። ውሻ ሌባው አጥሩን ሳይነካ ይቀሰቅስሃል። የካሜራው ዋጋ ደግሞ አለ። በእኛ መስመር ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። በጡረታ ነው የሚተዳደሩት። ሌሊት አብሯቸው የሚያድር አንድ ሽማግሌ ውሻ ብቻ ነው። እሁድ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን አላወጡም። «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያላቸው ሰው አልነበረም። ለእሳቸው ነው ካሜራ ግዢ የተባለው።

ይሄ ሁሉ ግን ትንሹ ነገር ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ «ያስወግድ» የሚለው ቃል ነው።

የት ነው የሚወገደው? ቡቺ ስድስት ዓመቱ ነው። ስድስት ዓመት የሞላውን፣ ጌታውን ለይቶ ያወቀን ውሻ ማን ይወስዳል? ሰው የሚፈልገው ቡችላ ነው። ስለዚህ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አፍ አውጥተን አንናገርም እንጂ። አንዱ ማታ ባጃጅ ላይ ጭኖ ከከተማው ዳር ያወርደዋል። ሌላው ሐይቅ ዳር ወስዶ ይለቀዋል። ሌላው ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል። ያስወግድ ማለት ከእነዚህ አንዱ ነው። ሌላ ትርጉም ካለው በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልን።

ሐይቅ ዳር የተለቀቀ ውሻ አሞራ ገደል ይሄዳል። ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ነው። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የሚጠብቀውን አንጀትና ጭንቅላት እሱም ይጠብቃል። ቱሪስት ያለው እዚያ ነው፤ ዓሣ በዳቦ የሚበሉ ቤተሰቦች ያሉት እዚያ ነው፤ ሕፃናት የሚሯሯጡት እዚያ ነው። ትናንት በግቢ ውስጥ፣ በተዘጋ በር፣ ባለቤት የነበረው ውሻ ዛሬ ማንም የማያውቀው የመንገድ ውሻ ሆነ። ሰፈራችን አንድ ጩኸት ቀነሰ። ሐዋሳ ግን አንድ አደጋ ጨመረች።

ጋሼ በመጨረሻው ደብዳቤያቸው የእብድ ውሻ በሽታን አንስተዋል። ጥሩ፤ እሱን እናንሳው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይገድላል። ከሚሞቱት መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። እኔም የልጆች ወላጅ ነኝ። ይህን ቀልድ አድርጌ የምመለከት እንዳይመስላቸው።

ታዲያ በሽታው የሚቆመው በምንድን ነው? በክትባት። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የመተላለፊያው ሰንሰለት ይበጠሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ማንም ሰው በውሻ በሚተላለፈው የዚህ በሽታ ዓይነት እንዳይሞት ያወጡት ዕቅድም ዋናው መሠረቱ ይኸው ነው፤ ውሾችን መከተብ። መግደልና ማባረር ብቻውን በሽታውን እንደማያቆም በብዙ አገር ተሞክሮ ታይቷል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ቆሻሻው እስካለ፣ የሥጋ ቤቱ አጥንት እስካለ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላ ይመጣል። የሚመጣው ደግሞ ያልተከተበው ነው።

ቡቺ በየዓመቱ ይከተባል። ካርዱ አለኝ። የእማማም ውሻ ተከትቧል፤ አምና አብረን ነው የወሰድናቸው። ከተማችን የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ባለሙያ አጣን የምንል ሰዎች አይደለንም። ይህ ውሳኔ በተግባር ሲውል የሚሆነው ይሄ ነው፦ በሰፈሩ ያሉት የተከተቡ ውሾች ይወጣሉ፣ ያልተከተቡት የመንገድ ውሾች ባዶውን ቦታ ይይዛሉ። ባለቤት የሌለውን ውሻ ማን ጎትቶ ለክትባት ይወስደዋል? በሽታን ፈርቶ የተከተበውን ማባረር ትንኝን ፈርቶ አጎበሩን እንደ መቅደድ ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው በውሻ ሲነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገይ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ «ውሻው የማን ነው?» የሚል ነው። የሚታወቅ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ከሆነ የተነከሰው ሰው ልብ ያርፋል፤ የተጀመረውም ክትባት ሊቋረጥ ይችላል። የማይታወቅ ውሻ ከሆነስ? ነክሶ ሄደ። ማንን አስረህ ታያለህ? ባለቤት ያለው ውሻና ባለቤት የሌለው ውሻ ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው። እሁድ የወጡት እጆች የሰፈሩን ውሾች በሙሉ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ለማሸጋገር ነው የወጡት። ያን ያደረጉት ደግሞ በጤና ስም ነው። ይህንን ማንም ሰው ፊቴ ቆሞ ሊያስረዳኝ አይችልም።

ጩኸቱን አልክድም። የሌሊት ጩኸት ያማል። የታመመ ሰው፣ አራስ ያለበት ቤት፣ ንጋት ተነስቶ ሥራ የሚሄድ ሰው ይጎዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1225 አንድ ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ድምፅ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። በቁጥር 2071 ደግሞ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ አምልጦት ቢሆን እንኳን። እኔ ይህን ሕግ እወደዋለሁ። ጉዳት የደረሰበት ሰው አለ፣ ጉዳት ያደረሰ እንስሳ አለ፣ የሚጠየቅ ባለቤት አለ። ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ሰው ስሞታ ቅጡ የሚል ነገር የለበትም።

ጋሼ ቡቺ «ሌሊቱን ሙሉ» ይጮሃል ብለው በጻፉ ጊዜ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ አደርኩ። ደብተር ይዤ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ የፋብሪካ ሠራተኞችን የሚያደርሰው ሰርቪስ ጥግ ላይ ይቆማል። ሴቶቹ ልጆች በበራችን በኩል ያልፋሉ። ቡቺ ይጮሃል። ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ከላይኛው ሰፈር ውሾች ይጀምራሉ፤ አንዳንዴ የጅብ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ቡቺ ይመልሳል። ንጋት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላ የለበሱ እናቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ቡቺ ይጮሃል። ሦስቱንም ሌሊት ደመርኩት። በአንዱም ሌሊት ከሃያ ደቂቃ አላለፈም። ሃያ ደቂቃ ለተኛ ሰው ብዙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግን አይደለም።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አየሁ። ቡቺ የሚጮኸው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የሰው እግር ሲያይ ነበር። በማግስቱ በያጅ ጠራሁ። ክፍተቱን በላሜራ ዘጋው። የውሻውን ቤት ከጋሼ መኝታ ቤት ጎን አንስቼ ወደ ኩሽናው በኩል አዞርኩት። ቀን ማሰሩን ተውኩ። ቀን ሙሉ አንድ ሜትር ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ ማታ ሲፈታ ጉልበቱን የት ያድርገው? ያንን ያደረግሁት እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቴ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት በገመድ ይዤው እስከ ሐይቁ እንሄዳለን። ማታ ደክሞት ይተኛል። ጩኸቱ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ስሞታው ግን አልቀነሰም። ቡቺ ጩኸት ሲቀንስ ስሞታው ወደ ፀጉሩ ዞረ። ከዚያ ወደ ሽታው። ከዚያ ወደ በሽታው። አንዱን ስትመልስ ሌላ የሚወልድ ስሞታ ውሻን የሚመለከት ስሞታ አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቢነግሩኝ እሰማለሁ። አጥራችን ላይ ያለው ዛፍ ይሆን? አምና የተሠራው ፍሳሽ ይሆን? እናቴ በነበረችበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በሦስተኛው ቡና ያልቅ ነበር። በረካው ሳይደርስ ሁለቱም ሰዎች የልባቸውን ያወጡ ነበር። ዛሬ ሰባት እርምጃ ከመራመድ አራት ኮሚቴ መዞር ቀለለ። ኮሚቴውም «ጎረቤትህን አነጋግረኸዋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሲገባው አቤቱታውን ተቀብሎ ሰፈሩ በሙሉ ላይ ጫነው። በአንድ ቤት በር ላይ ያለቀ ጉዳይ ነበር።

ውሳኔው ይሻር። በምትኩ ማንኛውም ውሻ የክትባት ካርድ ይኑረው። በር ይዘጋ፣ ውሻ ብቻውን መንገድ ላይ አይለቀቅ። ስሞታ ያለው ሰው የትኛው ውሻ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገር፤ መጀመሪያም ለባለቤቱ ይናገር። ባለቤቱ አልሰማም ካለ ያን ጊዜ ወደ ኮሚቴ ይምጣ። እኔም ከኮሚቴው ጎን እቆማለሁ። ውሻውን በአጭር ሰንሰለት ቀን ከሌት አስሮ፣ አጥንት እንኳን ሳይጥልለት የሚያስጮኸውን ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት ይጠይቁት። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ሰው አለ። የእሱ ስም እሁድ አልተነሳም።

የሚቀጥለው ስብሰባ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት አለ። የቡቺንና የእማማን ውሻ ካርድ ይዤ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቡና ይፈላል። ጋሼ፣ ቡቺን ከጓሮ አስረዋለሁ፤ በሩን ብቻ ያንኳኩ። ካልመጡ እኔ መጥቼ አንኳኳለሁ። ቡቺ ግን ባጃጅ ላይ አይጫንም።