ያው ነው

ባለፈው ቅዳሜ ጓንት ልገዛ ወጥቼ ተናድጄ ተመለስኩ። የፈለግሁት ነገር ትንሽ ነበር፤ ንዴቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው ጥቅምት ሲገባ ምን እንደሚመጣበት ያውቃል። ዝናቡ ይቆማል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ቀን ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ሌሊት ግን ያ ጥርት ያለ ሰማይ ሙቀቱን ሁሉ ጠርጎ ይወስደዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብስክሌቴን ከግቢ ሳወጣ መሪው አያስነካም። እስከ እንጦጦ ጫፍ ያለው አቀበት ላብ በላብ ያደርገኛል። ከዚያ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስለቀቅ ደግሞ ጣቶቼ ፍሬኑን ይዘውት ይሁን ፍሬኑ እነርሱን ይዟቸው መለየት ያቅተኛል። አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን እንኳን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ሰው ቆዳው ላይ ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ነው የሚሰማው። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እዚያው መንገድ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ስለዚህ የምፈልገው ጓንት ሙሉ ጣት የሚሸፍን፣ ስስ፣ ጀርባው ነፋስ የማያስገባ፣ መዳፉ የማያዳልጥ ነው። መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ ይህንኑ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ባለሱቁ በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያም የጣት አንጓው ላይ ፕላስቲክ የተለጠፈበት፣ እንደ ትራስ ያበጠ የሞተር ብስክሌት ጓንት አወጣ።

«ይሄ ውሃ አያስገባም» አለኝ።

«ዝናቡኮ ቆሟል።»

«ቢመጣስ ጋሼ?»

ከጥቅምት እስከ ጥር የትኛው ዝናብ እንደሚመጣ አላውቅም። የማውቀው ውሃ የማያስገባ ጓንት ላብም ለማስወጣት እንደሚሰንፍ ነው፤ አቀበቱ ላይ በላብ የረጠበ እጅ ቁልቁለቱ ላይ ምን እንደሚሆን ለባለሱቁ ብነግረው ጣቶቹ እስከ ግማሽ የተቆረጡ የበጋ ጓንት አመጣልኝ። «የሚበርደኝኮ ጣቴ ነው» አልኩት። ጓንቱን አገላብጦ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ተናገራት።

«ያው ነው።»

ያው ነው! እኔ ይህችን ቃል የሚጠላ ሰው ነኝ። በዚህ አገር የጠየቅኸውን ነገር «የለም» ብሎ የሚያሰናብትህ ነጋዴ ካገኘህ እጁን ሳመው። ሌላው ሁሉ ያለውን አንሥቶ የጠየቅኸውን ስም ያወጣለታል። የለውዝ ቅቤ ብትል ማር፣ ነጭ ቀለም ብትል ክሬም፣ ባለ ስድስት ቁጥር ሚስማር ብትል ባለ ስምንት። ፋርማሲ ውስጥ እንኳን አንዳንዴ እውነት አለው፤ ስሙ ሌላ ሆኖ ውስጡ አንድ የሆነ መድኃኒት አለ። ጣት ያለው ጓንትና ጣት የሌለው ጓንት ግን በየትኛው ሐኪም ምስክርነት ነው አንድ የሚሆኑት?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሥጋ ቤቱ ነው። አንድ ኪሎ ሽንጥ ብዬ አዝዣለሁ። ቤት ገብቼ ስፈታው ግማሹ አጥንት። ተመልሼ ስጠይቅ ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን እየሳለ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያው ነው ጋሼ፣ ሁሉም ከአንድ በሬ ነው።» ይህም ሳያንስ «ደግሞ ጥቅምት አይደል? በጥቅምት አንድ አጥንት ሲባል አልሰሙም?»

(የጽጌን ጾም የያዛችሁ ይቅር በሉኝ።)

በዚያች ተረት መመታቴ ነው የከፋኝ። እኔ ከተረት ሁሉ አብልጬ የምወደው «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ነው። አያቴ ውርጭ በወረደ ጠዋት ይህን ብላ ነበር ድስት የምትጥደው። ልክ ያለው አባባል ነው፤ «ብዙ ሥጋ» አላለም፣ ቁጥሩን ለይቶ አንድ አለ። በሽንጥ ዋጋ ግማሽ ኪሎ አጥንት አስመዝኑ ያለው ማን ነው? አባቶቻችን ብርዱን ከውስጥ የሚመከትበትን ነገሩን፤ የጣቱን ነገር ግን ለእኛ ተዉት። እነርሱ ፍሬን አልያዙም።

ባለሱቁ ጋር አንድ በርጩማ ላይ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀው «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፏል፣ እርስዎ ደግሞ ጓንት አማረዎት» አለ። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የሮም ሙቀት ገና ሳይወጣ። ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር። ቀኑስ? ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.። ጥቅምት! ጀግናው ራሱ እንደ ወሩ ለበሰ እንጂ «ያው ነው» አላለም። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚሮጡትን ልጆች ሂዳችሁ እዩ፤ ቁምጣ ለብሰው እጃቸው ላይ ጓንት አለ። ስለ ሯጭ ከተነሣ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ እንደነበር ያ ሰውዬ ያውቅ ይሆን? ብጠይቀው መልሱ አይጠፋኝም።

ብስክሌት ካልኩ ዘንዳ ጎረቤቴን መዝለል አልችልም። ከሁለት ዓመት በፊት የጎማ መንፊያዬን ተዋሰኝ። የእኔ ጎማ አየር ማስገቢያዋ ቀጭን ናትና መንፊያውም ለእርሷ የተሠራ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመለሰልኝ ምን ይመስላችኋል? ባለ መርፌ የኳስ መንፊያ። የእኔውን ለአማቱ ልጅ ሰጥቶታል። «ያው ነው ወንድሜ፣ ሁለቱም አየር ነው የሚነፉት» አለኝ፤ ሲለኝ ፈገግ ብሎ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሰህ እንባባላለን። መንፊያውን ግን አልረሳሁም።

ጓንቱን ልጨርስ። ከመርካቶ ባዶ እጄን ስመለስ፣ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሸራ ዘርግቶ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ ልጅ ጋር ቆምኩ። ከካልሲና ከሕፃን ኮፍያ ክምር ሥር አገኘሁት። ጥቁር፣ ስስ፣ መዳፉ ላይ ነጠብጣብ ጎማ ያለበት። የአውራ ጣቱ ጀርባ ላይ ፎጣ የመሰለ ለስላሳ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። አፍንጫ መጥረጊያ ነው! ብርድ ላይ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሊያስብ አይችልም። የሰፋውን ሰው ባገኘው ደስ ባለኝ።

የግራ እጅ ነበር። ጓደኛውን ፍለጋ ከልጁ ጋር ክምሩን ገለበጥነው፤ ሁለተኛው ተገኘ። እርሱም የግራ። ልጁ ጥቂት አሰበና የአንዱን ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠው። «ይኸው ቀኝ ሆነ። ያው ነው ጋሼ!»

የሚያበሳጨው ነገር፣ እውነቱን ነው። የተገለበጠ ግራ ቀኝ ይሆናል፤ አድርጌ አየሁት፣ ልክክ አለ። ከፈልኩ። የቀረችው ችግር ነጠብጣቡ ጎማ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ጓንቱ እጄን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ እጄ ግን መሪውን አይይዝም። ፎጣውም ውስጥ ገብቶ አውራ ጣቴን ይጠርጋል።

ሰኞ ጠዋት ከግቢ ስወጣ ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። እጄን ትኩር ብሎ አየ። «ወንድሜ፣ የቀኙ ተገልብጦብሃል» አለኝ። «ደግሞ ያቺ የኳስ መንፊያዬ አለች? የልጁ ኳስ ተንፍሳ።»

የሁለት ዓመት መልስ አፌ ላይ ነበር። ግን አቀበቱ ይጠብቀኛል፣ አፍንጫዬም መጣ። በግራ እጄ ጠርጌ አለፍኩት።