ሰማያዊው ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ ለማላውቀው ሟች አለቀስሁ። አልቅሼም ዝም አላልሁ፤ "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ ተቀመጥሁ፣ ንፍሮ ዘገንሁ፣ "እንዴት ያለ ሰው ነበር!" አልሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "ውይ፣ እሱማ!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥፋቱ የአክስቴ ነው። "ከፒያሳ ውረድና ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ሰማያዊ ድንኳን ታገኛለህ" አለችኝ። 44 ታቦት አላት በምትባለው ጎንደር "ከቤተ ክርስቲያኑ" ይባላል? ድንኳኑም የዕድር ነው፤ የዕድር ድንኳን ደግሞ አንዱ ካንዱ በምን ይለያል? መታጠፊያው ላይ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሦስቱም እኩል መለሱልኝ፣ ወደ ሦስት አቅጣጫ እየጠቆሙ።

እንዲህ ላለው ጣጣ የተሠራ ነገር ጭንቅላታችን ውስጥ አለ፤ ሂፖካምፐስ ይባላል። የአንጎል ተመራማሪው ጆን ኦኪፍ በ1971 እ.ኤ.አ. አንዲት አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሴሎችን ያገኘው እዚያ ነው፤ በ2014 ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር ኖቤል ተሸለመበት። እዚያው ውስጥ ዴንቴት ጋይረስ የሚሉት ክፍል የሚመሳሰሉ ቦታዎችን ለመለየት ይረዳል። ዘዴው ዝምታ ነው። አብዛኞቹ ሴሎቹ ጸጥ ይላሉ፤ ለአንዱ ቦታ ጥቂቶች ይናገራሉ፣ ለሌላው ደግሞ ሌሎች ጥቂቶች። በዚህም የሚመሳሰሉት ሁለት ቦታዎች እንዳይምታቱ ይሆናል። የመታጠፊያው ሰዎች ይህን በሰሙልኝ!

ችግሩ ጎረቤቱ ነው። ሲኤ3 የሚሉት ክፍል ጥቂት ፍንጭ ካገኘ የቀረውን ከቆየ ትዝታ ራሱ ይሞላል። ግማሽ ወሬ ሰምቶ ሙሉውን የሚያወራ የቡና ጎረቤት አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ድንኳን አየ፣ አግዳሚ ወንበር አየ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አየ፤ "ደርሰናል፣ ግባ!" አለኝ። ገባሁ። (ንፍሮው፣ እውነት ለመናገር፣ ጨው በልኩ ነበር።)

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተቀመጥሁ አንዲት ሴት ፎቶው ፊት ሻማ ለኮሰች። ቀና ብዬ አየሁ። ሟች ሹሩባ የተሠሩ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ አሮጊት ናቸው።

ቀስ ብዬ ወደ ሽማግሌው ዞርሁ። እሳቸውም ፎቶው ላይ እንዳፈጠጡ ቀርተዋል። ንፍሮውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ሌላው ድንኳን በየት በኩል ነው?"