የዐፄ ዳዊት ነብሮችስ?
የአፍሪካ ነገሥታት እንስሳ ለውጭ ነጋዴ ከማስያዝ በቀር በራሳቸው ስም ለማንም ልከው አያውቁም የሚለውን፣ ስለ ነገሥታት የእንስሳት ስጦታ እዚህ የወጣውን ጽሑፍ አባባል ፈጽሞ አልቀበልም። የእኛው ዐፄ ዳዊት ፍሎሬንሳዊውን አንቶኒዮ ባርቶሊን በመልእክተኝነት ወደ ቬኒስ ሲልኩት፣ እ.ኤ.አ. በ1402 ከተማዋ የደረሰው ነብሮች ይዞ ነበር፤ ቆዳቸውን ሳይሆን ነፍስ ያላቸውን! ከደጋው እስከ ባሕር ጠረፍ፣ ከዚያም በመርከብ፣ ሥጋ እየመገቡ፣ ውኃ እያጠጡ፣ ሠራተኛውን እንዳይቦጭቁ እየጠበቁ መጓዝ ምን ያህል ዝግጅት እንደሚጠይቅ አስቡት። መልእክቱም ፍሬ አፍርቷል፤ ቬኒስ የእጅ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ፈቅዳለች። ከእኔ በላይ አስተያየት የሰጡት ወንድሜ የጠቀሱት፣ ከባግዳዱ ኸሊፋ ከሃሩን አር ረሺድ ለፍራንኮች ንጉሠ ነገሥት ለሻርለማኝ ተልኮ እ.ኤ.አ. በ802 አኽን (የዛሬዋ ጀርመን ከተማ) የገባው ዝሆን እውነት ነው። ነገር ግን ከአፍሪካም ማሊንዲ (በዛሬዋ ኬንያ ያለች የባሕር ዳር ከተማ) እ.ኤ.አ. በ1415 ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት ለዮንግሌ ቀጭኔ ልካለች። አዘጋጁ የዐፄ ዳዊትን ነብሮችና የማሊንዲን ቀጭኔ ቢጨምርበት ጽሑፉ ይሟላል።